እርጥብ ግድግዳ አይለቀለቅም

ሰቆጣ ውስጥ በንጹሕ ነጠላ የተሸፈነ ቁና ታቅፎ የሚሄድ ሰው ያገኘ፣ ያ ሰው የዝክር ዳቦ ይዟል ብሎ ያስባል እንጂ ሌላ ነገር አይጠረጥርም። እኔም አልጠረጠርኩም። ጊዜው 1968 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ጳጉሜ ገብታለች። ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ ዳገት ስወርድ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ቁና ታቅፈው ሲመጡ አገኘኋቸውና፣ እንደ ደንቡ እጅ ነሥቼ ሸክሙን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ያን ጊዜ ሽታው ደረሰኝ። ጥለት ባለው ነጠላ የተሸፈነው ትኩስ እበት ነበር።

«ተወው ልጄ፣ ከባድ አይደለም» አሉኝ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የመሪጌታ ገብረ አምላክ ባለቤት የነበሩ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ የባላቸው አባት ባሠሩት የድንጋይ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እመቤት ናቸው። ቤቱ የአገራችን ሰው ህድሞ የሚለው ነው፤ ግድግዳው በጥርብ ድንጋይና በጭቃ የቆመ፣ ጣራው ወፍራም አፈር የተደለደለበት። እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ስሜ ገብረ ኢየሱስ ይባላል፤ ደሴ ተምሬ ተመልሼ እዚሁ አስተምራለሁ። የሰቆጣን የድንጋይ ቤት ከቆርቆሮ ክዳን እያወዳደረ የሚያናንቅ ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ያ ቤት ደግሞ የከተማችን ኩራት ነው። ባለቤቲቱም ይህን ያውቁታል፤ ሲራመዱ መሬቱን ፈቅደውለት እንጂ ረግጠውት የሚሄዱ አይመስልም። እንዲህ ያሉ ሴት እበት ለቅመው መምጣታቸው ስለ ገረመኝ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

«ምነው እማማ፣ መስቀል ገና ነው እኮ። ልቅለቃውን አስቀደሙት?»

«ለመስቀል አይደለም፤ ለእልፍኙ ነው።»

«እልፍኙን በነሐሴ ለቅልቀውት አልነበረም?»

«በነሐሴም ለቅልቄዋለሁ፤ በሐምሌም ለቅልቄዋለሁ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘንድሮ ግድግዳው እበት ይበላል ልጄ። የለቀለቅሁት ሳይሰነብት ይጠቁራል፤ ጢም ያወጣል። የሰው ዐይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

ይህን ሲሉ ከኋላችን ሳቅ ሰማን። ዘወር ብንል ረሒማ ናት፤ የጨው ነጋዴው የአቶ አደም ልጅ። የአባቷ ቤትና የወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ቤት በአንድ የድንጋይ አጥር ይዋሰናሉ። ደሴ ወርዳ የጤና ረዳትነት ተምራ በዚያው ዓመት ወደ ጤና ጣቢያችን ተመድባ ነበርና፣ ነጭ ጋወኗን ክንዷ ላይ አጥፋ ከሥራ ትመለሳለች።

«እንዴት ዋሉ እማማ? እንዴት ዋሉ መምህር?» አለች ሳቋን እየዋጠች።

«እግዜር ይመስገን። ምን አሳቀሽ አንች?»

«የሰው ዐይን ሲሉ ነዋ! አምና የእኛ መጋዘን ግድግዳም እንዲሁ ጢም አውጥቶ ነበር። የኛን ጨው ደግሞ ማን በዐይኑ ይወጋዋል ብዬ ነው።»

ወይዘሮዋ ፈገግታ መጣባቸውና መልሰው ዋጡት። ከዚያ እንደ መቆጣትም እንደ ማዘንም ብለው የልባቸውን ነገሩን። ልጃቸው ወለተ ሰንበት እዚሁ ዋግ ውስጥ ካለችው ዝቋላ ተድራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። የመጀመሪያ ልጅ ከእናት ቤት ይወለዳል፤ ይህ ያልተጻፈ ሕግ ነው። የልጅቱ አማት ወይዘሮ አልጣሽ ግን መልእክት ሰደውባቸዋል።

«‹ቤትሽ ያፈሳል ይሉኛል፤ ልጅቱም ደረቷ ደካማ ነው፤ እዚሁ እኔ ዘንድ ትገላገል› አለችኝ! የእኔን ቤት! መሪጌታ ስንቱን ደቀ መዝሙር ያበላበትን ቤት! ከመስቀል በኋላ ራሷ ይዛት ልትመጣ ነው። እልፍኙን አይታ ካልወደደችው ይዛት ትመለሳለች። እንግዲህ የሰው መሣቂያ ከምሆን እበት ብለቅም ምን አለበት?»

ለአንዲት እናት ልጇ በሰው ቤት ወለደች ከመባል የባሰ ምን አለ? በዚህ መካከል ካፊያው ወረደ፤ ቤቱም ቅርብ ስለ ነበር ሦስታችንም ሮጠን ገባን።

እልፍኙ ከውጭ ሲያዩት እንደሚያኮራው፣ ከውስጥ ሲገቡበት ያስጨንቃል። መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል። ኩራዙ ሲበራ ከመደቡ በላይ ያለው ግድግዳ ጥቁርና ግራጫ ነጥብ ሞልቶበት ታየኝ፤ ማዕዘኑ ላይ ነጭ ጢም አብቅሏል። ሽታው የከረመ እርሾ ሽታ ነው። ረሒማ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች።

«እማማ፣ ይህ መስኮት መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ለምን ይከፈታል? ቤቱ ራሱ በርዶት ሳለ ብርድ ልጨምርበት? ጣራው ያፈሰሰ ዕለት ነው የወተፍኩት።»

«ሲለቀልቁትስ ግድግዳው ደርቆ ነበር?»

«እንዲደርቅ ብዬ እኮ ነው የለቀለቅሁት! እበት ያደርቃል። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ የእናቴም እናት።»

«እናትዎ ልክ ነበሩ» አለች ረሒማ። «እሳቸው ግን የሚለቀልቁት ለመስቀል ነበር፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ። እርስዎ በሐምሌ ለቀለቁ። የእናትዎን ልማድ ይዘው ጊዜውን ተዉት።»

ይህች አነጋገር ወይዘሮዋን ትንሽ አስደነገጠቻቸው፤ ቶሎ ግን መልስ አገኙ።

«አፈሰሰ፤ ግድግዳው ተላጠ፤ ታዲያ ራቁቱን ልተወው?»

«ቁስል መግሉ ሳይወጣ ቢሸፈን ምን ይሆናል?»

«ያመረቅዛል።»

«እርጥብ ማሽላ ጎታ ውስጥ ጨምረው ቢመርጉትስ?»

«ይሻግታላ! እብድ ነኝ እርጥብ እህል የምከት? አንች ልጅ፣ እህልና ድንጋይ አንድ አይደለም። እህል ውስጡ ነፍስ አለው። ድንጋይ ምኑ ይሻግታል?»

እውነቴን ነው፣ ይህን ሲሉ በልቤ አጨበጨብኩላቸው። የሰቆጣ ድንጋይ ይሻግታል ብሎ መስማት ለእኔም ደስ አይለኝም። ረሒማ ግን አልተበገረችም።

«ድንጋዩማ አይሻግትም፤ የሚሻግተው እኛ የለጠፍንበት ነው። እበት ምንድን ነው? ከብት የበላው ሣርና ገለባ አይደለም? ሻጋታ ሣርና ገለባ ይወዳል። ጣራው ውሃ ሰጠው፤ የተወተፈው መስኮት ጨለማ ሰጠው፤ ምግቡን ደግሞ እርስዎ በየወሩ ያቀርቡለታል። ዘንድሮ ግድግዳው እበት ይበላል ያሉት እውነትዎን ነው። ብናኙም ሲነሣ ደረት ይገባል። ይህ ሳል ከያዘዎት ስንት ጊዜው ነው?»

«እኔ አልስልም» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ኮራ ብለው፤ ወዲያውም ሳሉ።

እኔ ለማስታረቅ ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «እሳት አንድደን፣ በሩን ዘግተን፣ አንድ ሌሊት ብናሞቀውስ?» አልኩ። የተማረ ሰው ሐሳብ ያዋጣ መስሎኝ ነበር።

«መምህር! ድስት ተከድኖ ሲንተከተክ እንፋሎቱ የት ይሄዳል?» አለችኝ ረሒማ። «ከክዳኑ ሥር ተመልሶ ይንጠባጠባል። በተዘጋ ቤት ያነደዱት እሳትም ውሃውን ከግድግዳ ወደ ጣራ፣ ከጣራ ወደ ግድግዳ ያመላልሰዋል እንጂ አያስወጣውም። የከሰል ጢስ ደግሞ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። እሳት ቢነድም በርና መስኮት ተከፍቶ ነው።»

ወይዘሮዋ ግን የኔን መሸነፍ አይተው ይባስ ጠነከሩ።

«ሁሉም ልክ ይሁን እሺ። ግን ግድግዳው ደርቋል፤ ይኸው እጄ፣ አልረጠበም። ፊደል ቆጠርኩ ብለሽ የደረቀውን እርጥብ ነው አትበይኝ!»

ረሒማ ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው እኔና እርስዎ አንከራከር፤ ጨው ይፍረደን» አለች።

የጨው ነጋዴ ልጅ ናትና ጨው ታውቃለች። ከቆላው በአበርገሌ በኩል በግመል የሚመጣውን አሞሌ አባቷ በየዓመቱ ያስቀምጣሉ፤ ጨው በእርጥብ ቤት እንደማያድር ከሕፃንነቷ አይታለች። ካፊያው ሲያባራ ሄዳ ከአንድ አሞሌ ሁለት ፍንካች ሰብራ አመጣች። አንዱን በሳህን አድርጋ ከእልፍኙ ግድግዳ ሥር አኖረችው፤ ሌላውን በአባቷ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል እልፍኙን ራሳቸው ቆለፉና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ፤ ማንም ውሃ እንዳይረጭበት መሆኑ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ሲከፈት የሱቁ ጨው እንደ ደረቀ ነው፤ የእልፍኙ ግን ተንዶ፣ ሳህኑ ላይ ውሃ አቁሯል። ወይዘሮዋ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት። በኽምጣንጋ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ሲናደዱ የእናታቸው ቋንቋ ነው የሚቀድማቸው።

«በይ እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፤ «ጨው ለማንም አያዳላም። ምን ላድርግ?»

ረሒማም ነገረቻቸው። በፊት የውሃውን መንገድ መዝጋት፤ ጣራው ሳይደፈን ግድግዳ ማድረቅ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ቀጥሎ የተለጠፈውን እበት ሁሉ እስከ ድንጋዩ መፋቅ። ከዚያ በርና መስኮቱን ፀሐይ ባለበት ሰዓት ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ። ለዚህ ሁሉ ግን አስቀድሞ ክፍሉ ባዶ መሆን አለበት፤ መደቡ ላይ የሚነጠፈው የቆዳ ጀንዲ፣ ሰሌኑ፣ ሳጥኑ፣ አልባሳቱ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል እስከዚያ ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲሰሙ ቆይተው ደጅ የሚለውን ሲሰሙ ተነሥተው ቆሙ።

«ጣራው ይጠገን፤ ግድግዳውም ይፋቅ። ዕቃ ግን ደጅ አይወጣም።»

«ለምን እማማ?»

«አይወጣም አልኩ!»

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ አትሳቅ። ጊዜው ትርፍ ቤት የተወረሰበት ጊዜ ነው። ባለፈው ዓመት የከተማችን ሰው የጎረቤቱን ሳጥንና አልጋ መንገድ ዳር ተከምሮ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ደጅ የወጣ ዕቃ ያየ ሁሉ ማን ተወረሰ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የቤት ዕቃ አደባባይ የሚወጣው ባለቤቱ ሞቶ ወራሽ ሊካፈል ሲቀመጥ ነበር። ገመናን መሸፈን እዚህ አገር ከልብስ አይተናነስም።

«እኔ አልሞትኩ፤ ቤቴም አልተወረሰ» አሉ። «ይች አንዲት ቤት የመኖሪያዬ ናት፤ ቀበሌም ያውቃል። ጀንዲዬን መንገድ ላይ አንጥፌ ወሬው ዝቋላ ይድረስ? አልጣሽ ‹ቤቷም ተወሰደ› ትበል?»

ረሒማ ልጅነት መጣባትና «ለሰው ወሬ ብለው ልጅዎን እዚህ ሻጋታ ውስጥ ሊያስተኙ ነው?» አለች። እንባ በወይዘሮዋ ዐይን ሞላ። እኔ ረሒማን በዐይኔ ገሠጽኳት። ነገሩ እውነት ነበር፤ ግን እውነትም ሰው ፊት ላይ አይወረወርም።

በዚህ ጊዜ መሪጌታን አስታወስኩ። በልጅነቴ ዳዊት የደገምኩት እሳቸው ዘንድ ነው፤ ብራናም ይፍቁ ነበር።

«እማማ» አልኩ፤ «መሪጌታ የፍየሉን ቆዳ ከዘፈዘፉ በኋላ የት ነበር የሚወጥሩት?»

«እደጅ ነዋ። ከዚህ ከበሩ ፊት ለፊት።»

«ለምን እደጅ?»

«ጨለማ ቤት ያደረ ቆዳ ይከረፋ የለ? ብራና የሚሆነው ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ነው።»

«ሰው እያየ ነበር የሚወጥሩት?»

«ሰው እያየ!» አሉ ቀና ብለው። «የሰቆጣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ እየቆመ ያደንቀው ነበር። የእሱን ብራና ለማየት ከዋጃ ድረስ የመጣ ሰው አለ።»

«መሪጌታ ያፍሩ ነበር?»

መልሳቸውን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ።

«ዳዊት የሚጻፍበት ቆዳ አደባባይ ተወጥሮ ካላሳፈረ፣ የልጅ ልጅዎ የሚተኛበት ጀንዲ በየትኛው ኃጢአቱ ያሳፍራል? ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ብለው ያስተማሩንኮ መሪጌታ ናቸው። ዕቃው ሌሊት በድብቅ ቢወጣ ነው ወሬ የሚሆን። በቀን፣ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው ቢታይ ግን ማን ምን ይላል?»

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ።

«ሳጥኑን በፊት አውጡት» አሉ። «ጥሩ ሳጥን ነው፤ ይታይ።»

ያን ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ እግዜርም ያገዘን ይመስለኛል። አቶ አደም ነገሩን ከአጥር ማዶ ሰምተው ኖሮ ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን ስልቻና ከረጢት፣ የባለቤታቸውንም ምንጣፍ አውጥተው በጋራው አጥር ላይ ረድፍ አስያዙት። «እኔም ዛሬ ላሰጣው ነበር» አሉ ብጠይቃቸው፤ እንዳልነበሩ አውቃለሁ። ይህን የመሰለ ጉርብትና ያለበት ከተማ ልጅ በመሆኔ ኮራሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ።

ወይዘሮዋ የጥበብ ቀሚሳቸውን ለብሰው ዱካ አስወጡና ከዕቃቸው መካከል ተቀመጡ። መንገደኛው እየቆመ ሲያይ እሳቸው ነበሩ ቀድመው የሚናገሩት።

«ምነው እመት፣ ደህና? ተወረሱ እንዴ?» አለች አገኘሁሽ የምትባል የሠፈር ሴት፣ አፏን በእጇ ይዛ።

«አልተወረስኩም። ቤቴን ክረምቱ አርሶብኝ ፀሐይ እያሞቅሁት ነው። ያንችስ ቤት አልረጠበም? ወይስ ያንችን ደመና ዘሎት አለፈ?»

የአገኘሁሽ ቤት እንደ ወንፊት የሚያፈስ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አንገቷን ሰብራ ሄደች።

ጥቂት ቆይቶ ደሴ የሚባለው የሠፈሩ ጎረምሳ መጣ። ደሴ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ «ይህ ዕቃ በማን ትእዛዝ ወጣ?» አለ።

«በእኔ ትእዛዝ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከዱካቸው ሳይነሡ። «አንተን ሳዝልህ የኖርኩ እኔ ነኝ፤ ያን ፊት ለእናትህ አሳያት። ከቤቱ ጀርባ የክረምቱ ጎርፍ አፈር ቆልሎብኛል፤ ግድግዳውን የሚያረጥበው እሱ ነው አሉኝ። ጠመንጃህን አኑርና አካፋ ያዝ!»

ደሴ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። ጠመንጃውን ለአቶ አደም አደራ ሰጥቶ ወደ ጓሮ ዞረ፤ አፈሩንም ከግድግዳው አርቆ፣ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ቆፍሮ ጨረሰ።

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ጣራው ላይ የበቀለው ሣር ከነሥሩ ተነቀለ፤ ሥሩ ነበርና ለውሃው በር የከፈተው። የተሰነጠቀው በሸክላ አፈር ተሞልቶ ተረገጠ፤ ውሃው ግድግዳውን እየላሰ እንዳይወርድ አሸንዳው ረዘመ። ግድግዳው ሲፋቅ ረሒማ ሁላችንንም አፍና አፍንጫችንን በነጠላ አሳሰረችን፤ ሻጋታውንም ብናኙ እንዳይነሣ በፊት ውሃ ነካ ነካ አድርጋ ነው ያስፋቀችው። ድንጋዩ በሙቅ ውሃና በአመድ ታጠበ። ወለሉ ላይ ደረቅ አመድ ተነሰነሰ፤ እርጥቡን ሲጠጣ ተጠርጎ ይወጣል፣ ሌላ ይነሰነሳል። በርና መስኮቱ ፀሐይ ስትሞቅ ይከፈታል፤ አመሻሽ ላይ ጤዛ ሳይገባ ይዘጋል። የሻገተው ሰሌን ተቃጠለ።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። ከመደቡ ሥር የነበረ ማሽላ ሻግቶ ተገኘ፤ ረሒማ ይጣል አለች።

«ይጣል?» አሉ ወይዘሮዋ። «ረሃብ ባየ አገር? ሰው ቅጠል ሲበላ ካየን ስንት ጊዜ ሆነ? አጥቤ አሰጣዋለሁ።»

ረሒማም ያን ዘመን አይታዋለች። «ያዩትን አይቻለሁ እማማ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ሻጋታው ቢታጠብም መርዙ አይለቅም። ለዶሮም አይሆንም። ረሃብን ያስታወሰ ሰው የሚያደርገው፣ ሌላውን ጎታ ከግድግዳው አርቆ፣ ከመሬቱም በድንጋይ ከፍ አድርጎ ማኖር ነው። ይህን ካደረግን ከእንግዲህ የምንጥለው እህል አይኖርም።»

ማሽላው ተቀበረ። ሲቀበር ወይዘሮዋ አማተቡ፤ ከዚያም ጎታውን ራሳቸው እየገፉ ከግድግዳው አራቁት።

ከሁሉ የከበደው ዕንቁጣጣሽ ነበር። እንግዳ ይመጣል፤ እልፍኙ ደግሞ ድንጋዩ ያፈጠጠ፣ ያልተለቀለቀ ነው። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በዋዜማው እበቱን አዘጋጅተው አገኘኋቸው።

«ስስ አድርጌ ብቻ፣ ለዓይን ያህል» አሉኝ እንደ ተማሪ።

«ጨው አስቀምጠዋል?»

«አስቀምጫለሁ።»

«ምን አለ?»

«ትንሽ... አለቀሰ» አሉ። እበቱንም ደጅ አውጥተው ደፉት። በዓሉን በራቁት ግድግዳ አሳለፉ፤ የጠየቀውንም ሁሉ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እኔ ዘንድሮ አልሮጥም» እያሉ መለሱ። ጨው ደርቆ ያደረው ወደ መስቀል ዋዜማ ነው። ያን ጊዜ ብቻ፣ እናታቸው በሚለቀልቁበት በዚያው ሰሞን፣ ለቀለቁ።

ከመስቀል በኋላ ወይዘሮ አልጣሽ በበቅሎ መጡ፤ ወለተ ሰንበትም ከነሆዷ። አልጣሽ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሲያዩም ሲያሸቱም አይቸኩሉም። እልፍኙ በር ላይ ቆመው በፊት አፍንጫቸውን ላኩ። ቀጥሎ ገብተው መዳፋቸውን ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ፣ ከዚያ ማዕዘኑ ላይ፣ ከዚያ ከመስኮቱ ሥር አሳረፉ። ጀንዲውን ገልብጠው ከሥሩ አዩ። ወለተ ሚካኤል በሩ ላይ ቆመዋል፤ ልጅቱ አንዴ እናቷን አንዴ አማቷን ታያለች።

«ይኸ ቤት አፍስሶ ነበር ይባላል» አሉ አልጣሽ።

እኔ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ይክዳሉ ብዬ ነበር። በሐምሌ ቢሆን ይክዱ ነበር።

«አፍስሶ ነበር» አሉ። «ሻግቶም ነበር። አሁን የለም።»

«ምን ቀባችሁት?»

«ምንም አልቀባነውም። የቀባነውን ነው ያነሣነው። ጎረቤቴ የአደም ልጅ አስተምራኝ ነው።»

አልጣሽ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሲደክመው እንደሚቀመጠው ነው። «ልጅሽ ክረምቱን ሙሉ ስትስልብኝ ከረመች» አሉ። «የእኔም እልፍኝ ጢም አውጥቷል። እኔ ደግሞ የሰው ዐይን መስሎኝ...» ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ከዚያ ለልጅቱ «እናትሽ ዘንድ ውለጅ» አሏት።

ወለተ ሰንበት በኅዳር ሴት ልጅ ተገላገለች። አራስ ቤት መስኮት ሲከፈት በሠፈራችን ያ የመጀመሪያው ነበር። ወይዘሮዋ እዚህ ላይም ምች ይመታታል ብለው ተሟግተው ነበር፤ ረሒማ ነፋሱ በቀጥታ እንዳይነካቸው እናትና ልጅን ከመስኮቱ ፈቀቅ አድርጋ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ብቻ እየከፈተች አስለመደቻቸው። የእናቲቱ ሳል ቆመ፤ የአያቲቱም ያልነበረው ሳል ቆመ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው፤ እኔም አስተማሪ ነኝና ሳልናገረው አላልፍም። የረጠበ ቤት የሚድነው ሲሸፈን አይደለም፤ ሲገለጥ ነው። ጣራውን በበጋ ያየ በክረምት አያለቅስም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው። ደረቅ ቤት ደረት ያድናል፣ እህል ያድናል፣ ልብስና መጽሐፍ ያድናል። አያቶቻችን የሠሩት የድንጋይ ቤት ጠላቱ እርጥበት ነው እንጂ አዲስ ዘመን አይደለም፤ ውሃውን ካራቅንለት የልጅ ልጆቻችንን ያስጠልላል። በተከታዩ ክረምት መውጫ በዚያ ዳገት ግራና ቀኝ በየደጁ ጀንዲና ሳጥን ተሰጥቶ ሳይ፣ የተወረሰ ሰው መኖሩን የጠየቀ አልነበረም።

ወደዚያው ዓመት ልመለስና፣ ለሕፃኒቱ ክርስትና አልጣሽ ተመልሰው መጡ፤ አራሷን ይዘው ሲሄዱ ወለተ ሚካኤልን አብረው መጥተው የእሳቸውንም እልፍኝ እንዲያዩላቸው ለመኗቸው። እኔም ሸኚ ሆኜ ዝቋላ ድረስ አብሬ ወረድኩ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ፀሐዩም አይጣል ነው። ስንደርስ የአልጣሽ ቤተ ዘመድ ደጅ ወጥቶ ተቀበለን፤ የእግር ውሃ ቀረበ፤ ወንበር ተዘረጋ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከበቅሎ ወረዱ፤ አቧራቸውን አራገፉ፤ ወንበሩን ግን አልተቀመጡበትም። እልፍኙ በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አሸተቱ።

«ከመቀመጤ በፊት» አሉ፤ «ዕቃው ሁሉ ደጅ ይውጣ!»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። አልጣሽ ግን ማንንም አልጠበቁም፤ ገብተው የራሳቸውን ሳጥን በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ በዘመዶቻቸው ሁሉ ፊት፣ ራሳቸው አወጡት።